ሐረጎን ያስወጣችኝ ሲስተር

ባለፈው ቅዳሜ ደሴ እናቴ ቤት ምሳ በላሁ። ከኮምቦልቻ ተነስቼ፣ በሚኒባስ፣ ብቻዬን። ለሌላው ሰው ይሄ ወሬ አይሆንም። ለእኔ ግን ከሰባት ወር በኋላ የመጀመሪያዬ ነው። እዚህ ያደረሰችኝን ነርስ በአደባባይ ማመስገን ስለፈለግኩ ነው የምጽፈው።

ኮምቦልቻ ልብስ ሰፊ ነኝ። ጨርቅና ክር የማመጣው ከደሴ ነው። በሳምንት አንዴ፣ አንዳንዴም ሁለቴ እወጣ ነበር። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ጥምዝምዙን ዓይኔን ጨፍኜ እቆጥረዋለሁ። ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ጉም ወርዶ መንገዱ አይታይም ነበር። ድንገት አንድ ከባድ መኪና ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ። ሹፌራችን ፍሬን ያዘ። ተላለፍን። ምንም አልሆንንም። ተሳፋሪው "አልሐምዱሊላህ"፣ "ተመስገን" ብሎ ወሬውን ቀጠለ።

እኔ ግን እዚያው ቀረሁ። ልቤ ድው ድው አለ። ጣቶቼ ደነዘዙ። ላብ አጠመቀኝ። አየር አነሰኝ። በቃ፣ ልቤ ቀጥ ሊል ነው አልኩ። "ወራጅ!" ብዬ ጮህኩ፤ ወርጄም መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሹፌሩ ጥሎኝ አልሄደም። ተሳፋሪውን ሁሉ አስጠብቆ "አብሽሪ እህቴ" እያለ አጠገቤ ቆመ።

በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ገና መናኸሪያ ስደርስ ጀመረኝ። ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ መሄዱን ተውኩት። ጨርቁን በሰው ማስመጣት ጀመርኩ። ቆይቶ ባጃጅ ውስጥም መጣብኝ። ማታ ማታ "ነገስ ቢነሳብኝ?" እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ጥቅምት ላይ አክስቴ ደሴ አረፈች። ለቀብሯ አልደረስኩም። ለሦስተኛውም አልደረስኩም። አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። ወሎ ውስጥ ለቅሶ አለመድረስ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ዘመድ "ኮርታብናለች" አለ። እናቴ ምን ብላ ትመልስላቸው?

መጀመሪያ የሄድኩት አንድ የግል ክሊኒክ ነበር። ግሉኮስ ሰቀሉልኝ፣ የቫይታሚን መርፌ ወጉኝ። ሌላ ቦታ ጨጓራ ነው ተባልኩ። ብዙ ብር አወጣሁ። ምን እንደሚያስፈራኝ የጠየቀኝ ግን አልነበረም።

ሲስተርን የጠቆመችኝ ቀሚስ ልታሰፋ የመጣች ደንበኛዬ ናት። ወንድሟ ከጦርነቱ በኋላ እንቅልፍ አጥቶ እሷ ጋ ታክሟል። (በ2014 እዚህ የነበርን ሰዎች ሁላችንም የየራሳችን አለን።) የመንግሥት ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል ስትለኝ ደነገጥኩ። "አበደች" እንዳልባል ነጠላዬን ተከናንቤ ነው የሄድኩት። አሁን ስለዚያ ነጠላ ሳስብ አዝናለሁ። ስንቱ እንደዚህ ተከናንቦ፣ ስንቱ ደግሞ ጭራሽ ሳይሄድ ቤቱ ይሰቃያል።

ሲስተር የሥነ አእምሮ ነርስ ናት፤ በዕድሜ እኩያዬ ትሆናለች። መጀመሪያ ጊዜ ሰጥታ አዳመጠችኝ። ቀጥሎ ሐኪም አይቶኝ ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ተነሳሁ፤ ለደም ማነስና ለታይሮይድም (አንገት ላይ ላለው ዕጢ) ተመረመርኩ። እነሱም ልብን ሊያስመቱ ይችላሉና። ውጤቱ ደህና ሆነ። አስም እንደሌለኝና እርጉዝ እንዳልሆንኩም ጠየቀችኝ። ከዚያ ያልጠበቅኩትን አዘዘችኝ። "ለአንድ ደቂቃ ቶሎ ቶሎ፣ በጥልቀት ተንፍሺ" አለች። አብራኝ ተነፈሰች። ደቂቃው ሳይሞላ ራሴ ዞረ፣ ጣቶቼ ደነዘዙ፣ ያ የማውቀው ነገር መጣ። ወንበር ላይ ተቀምጬ! "ሐረጎ ያለው የት ነው ታዲያ?" አለችኝ።

አለቀስኩ። ለወራት ልብ በሽታ ነው ያልኩት ነገር በትንፋሽ ብቻ ሊመጣ እንደሚችል አሳየችኝ። ሰው ሲፈራ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ያኔ ከደሙ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከልክ በላይ ይወጣል። መደንዘዙና ማዞሩ ከዚያ ነው። አየር ያነሰን ሲመስለን አብዝተን እየተነፈስን ነው ማለት ነው። ማዕበሉም አብዛኛውን ጊዜ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ይደርስና ራሱ ይወርዳል። እኔ ግን ሲወርድ አይቼው አላውቅም፤ ሁልጊዜ ቀድሜ እሸሻለሁ።

ፍርሃትና ጭንቀት እንደሚለያዩም ያስረዳችኝ እሷ ናት። መኪናው ከጉሙ ሲወጣ የተሰማኝ ፍርሃት ነው፤ አደጋው ፊቴ ነበር። ማታ አልጋዬ ላይ "ነገስ?" የሚለኝ ጭንቀት ነው፤ ያልመጣውን የሚጠብቅ። አንጎላችን ውስጥ አሚግዳላ የሚባል ትንሽ ክፍል አለ። አደጋ የመሰለውን ሲያይ እኛ ገና ሳናስብ ሰውነታችንን ያስነሳል፤ አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ይረጫል፣ ልብ ይመታል፣ እግር ለሩጫ ይዘጋጃል። ሲስተር "ጥሩ የቤት ውሻ ነው፤ ሌባና ዘመድ መለየት ነው ያቃተው" አለችኝ። ከመናኸሪያ በተመለስኩ ቁጥር እፎይ እላለሁ። ያ እፎይታ ነው ውሻውን የሚያሳስተው፤ "የተረፍነው ስለሸሸን ነው" ብሎ ይማራል። በነጋታው የበለጠ ይጮሃል።

አንድ ታሪክም ነገረችኝ። በ1924 እ.ኤ.አ. ሜሪ ከቨር ጆንስ የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ ጥንቸል የሚፈራ ሕፃን አከመች። ልጁ የሚወደውን ምግብ ሲበላ ጥንቸሏን ከሩቅ ታስቀምጣለች። ቀን በቀን ትንሽ ትንሽ ታስጠጋለች። በመጨረሻ ልጁ ጥንቸሏን በእጁ ዳሰሳት። "አንቺንም ወደ ሐረጎ ትንሽ ትንሽ እናስጠጋሻለን" አለችኝ።

የመጀመሪያው ሳምንት ሥራዬ መናኸሪያ ሄዶ መቀመጥ ብቻ ነበር። የረዳቶቹን "ደሴ! ደሴ!" እያዳመጥኩ፣ ፍርሃቱ እስኪቀንስ። ቀጥሎ የቆመ ሚኒባስ ውስጥ መቀመጥ። ቀጥሎ ከእህቴ ጋር እስከ ዳገቱ ግርጌ። ቀጥሎ እስከ መሀል። ሕጉ አንድ ነው፦ ፍርሃቱ ጫፍ ላይ ሳለ አልወርድም። ደግሞ ከእጄ የማይጠፋ ሃይላንድ ውሃ ነበረኝ፤ ያ ከሌለ የምሞት ይመስለኝ ነበር። እሱንም በኋላ አስተወችኝ። በመንገድ ቀን ጠዋት ቡናዬን አቦሉ ላይ እንዳቆምም መከረችኝ፤ ቡና ራሱ ልብ ያስመታል። ስንወጣ ጆሮዬ ድፍን ይል ነበር፣ እሱም ያስደነግጠኝ ነበር። ከኮምቦልቻ ደሴ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው፤ የማንም ጆሮ ይደፈናል።

መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። በአምስተኛው ሳምንት መሀል ላይ ወርጄ ተመለስኩ። ሁሉም ነገር የተበላሸ መሰለኝ፣ ወደ ሲስተርም መመለስ አፈርኩ። ራሷ ደወለችልኝ። አልገሠጸችኝም። "የወረድሽበት ቦታ የት ጋ ነው? ከዚያው እንቀጥላለን" አለች፤ ቀጠልንም።

ያ ነሐሴ ላይ የጠበቀኝ ሹፌርም ምስጋናዬ ይድረሰው። አጋጣሚ ሆኖ ከእሱ ጋር ተለማመድኩ። በሩ አጠገብ ያስቀምጠኛል፣ አያካብደውም፣ መስተዋቱ ውስጥ አይቶኝ ራሱን ይነቀንቅልኛል።

እናቴ በበኩሏ ዱዓ አስደርጋልኛለች። ሲስተር "በርቺ፣ እሱንም አትተዪ፣ ልምምዱንም አትተዪ" ብላለች። ይሄን የምለው ሕክምናና እምነት የሚጣሉ ለሚመስላቸው ነው።

ስሟን ልጽፍ ስል እንቢ አለችኝ፤ "ሥራዬ ነው" ብላ። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሷን አስፈቅጄ እነግራችኋለሁ። ሩቅ ያላችሁም በአቅራቢያችሁ ባለ የመንግሥት ሆስፒታል "የአእምሮ ጤና ክፍል የት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። በጠዋት ሂዱ፣ ሰልፍ አለ። የድሮ የምርመራ ወረቀት ካላችሁ ያዙ። ለእኔ መድኃኒት አላስፈለገኝም፤ ለአንዳንዱ ያስፈልገዋል፤ እሱን የሚወስነው ሐኪም ነው። የጀመራችሁም በራሳችሁ አታቋርጡ። ራሴን ልጉዳ የሚል ሐሳብ የሚመጣበት ካለ ደግሞ ለቅርብ ሰው ይናገርና ዛሬውኑ ይሂድ፣ ቀጠሮ አይጠብቅ።

ሲስተር፣ ይህ ከደረሰሽ፦ ቅዳሜ ሐረጎ ላይ ልቤ መታ። ጉምም ነበር። ተቀመጥኩ፣ ጠበቅኩ፣ ደሴ ገባሁ። ከምሳ በኋላ ከእናቴ ጋር አክስቴ ቤት ሄደን ለቅሶዬን ደረስኩ። የአክስቴ ልጆች አቅፈው አስለቀሱኝ። እናቴ "ያቺን ልጅ ይዘሻት ነይ፣ ቡናውን እኔ አፈላለሁ" ብላሻለች። የምትመቺበትን ቅዳሜ ንገሪኝ። አብረን እንወጣለን።