ለጥቁርና ለመራራ ጠላ ምን ልግዛ? ከባሕር ዳር ገበያ የተደረገ ንጽጽር

"ጠላዬ ለምን አይጠቁርም? ምሬቱስ የት ሄደ?" በዓል ሲቃረብ ይህን ጥያቄ ከጎረቤትም ከዘመድም እሰማለሁ። መልሴ አንድ ነው። ጥቁረቱ ከምጣዱ፣ ምሬቱ ከጌሾው ይምጣ። ብዙ ሰው ሁለቱንም ከምጣዱ ሊያገኝ ይሞክርና እህሉን ያሳርረዋል። ያረረ እህል ምሬቱ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። የጌሾ ምሬት ግን ምላስን ነካ አድርጎ ይሄዳል፤ ሌላ ጉንጭ ያስመኛል።

ስለዚህ ከጌሾ እንጀምር። ገበያ ላይ በሦስት መልክ ታገኙታላችሁ፤ ደረቅ ቅጠል፣ እንጨቱ ተከታትፎ፣ ወይም ተፈጭቶ የተዘጋጀ። "ቅጠሉ ለጠላ፣ እንጨቱ ለጠጅ" ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እውነት አለው። ቅጠሉ ሲወቀጥ ምሬቱን ቶሎ ይለቃል፣ ጥንስሱም በሁለት ሦስት ቀን ይነሣል። እንጨቱ ቀስ ብሎ ነው የሚሰጠው፤ ምሬቱም ለስለስ ያለ ነው። እኔ ለጥቁር ጠላ ሁለቱንም እገዛለሁ፤ ከሦስት እጅ ሁለቱን ቅጠል፣ አንዱን እንጨት። ብሩ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ቅጠሉን ውሰዱ።

የተፈጨውን አልመክርም። ከዓመታት በፊት የጽዋ ተራ ደርሶኝ ጊዜ ስላጠረኝ ተፈጭቶ የተቋጠረ ገዛሁ። ዱቄቱ ወደ ቡናማ ያደላ ነበር። ሳሸተው አቧራ አቧራ ይለኛል። ጥንስሱ በአራተኛው ቀን እንኳ አረፋ አላወጣም። ማኅበርተኛው ቤት ሞልቶ የማቀርበው ጠላ አልነበረኝም፤ ያን ቀን ያለቀስኩትን አልረሳም። የተፈጨ ነገር ዕድሜውን ይደብቃል። ቅጠል ግን አይዋሽም።

ቅጠሉን መዳፋችሁ ላይ አድርጉና እሹት። ደህና የደረቀ ከሆነ ኮሽ ብሎ ይሰበራል፤ አረንጓዴነቱም አለቀቀውም። ደህና ያልደረቀ ወይም ዝናብ የነካው ይጠቁራል፣ ሻጋታም ይሸታል። ከዚያ ቁራጭ አኝኩ። "እትዬ፣ ልቅመሰው?" ስላት አንዲት ሻጭ "ቅመሺ ልጄ፣ ሳይቀምሱ ምን ይገዛል?" ብላ ጭብጥ አድርጋ ሰጥታኛለች። ምሬቱ ወዲያው ካልመጣ ወደ ሌላ ሻጭ እለፉ።

የዘጌ ጌሾ ነው ሲሏችሁ ዋጋው ከፍ ሊል ይችላል። በዘጌ በቆየ ሥርዓት ማረስና ከብት ማርባት ስለማይፈቀድ ሕዝቡ ኑሮውን በጫካው ቡናና ጌሾ ላይ መሥርቷል። እወደዋለሁ። ግን ከከረመ የዘጌ ጌሾ ይልቅ ትናንት የደረቀ የሌላ አገር ጌሾ ይሻላል።

ሆፕ ከውጭ አስመጥተው መሞከር የሚፈልጉ ወጣቶችም አሉ። ሆፕ አበባ ነው፤ የቢራ ጠማቂዎች ከብቅሉ ጭማቂ ጋር አፍልተው ምሬቱን ያወጡታል። የኛ ጌሾ ለጠላ እሳት አያስፈልገውም፤ ከውሃ ጋር ተጠንስሶ ቀናት ይሰጠዋል። ጌሾ በር ላይ እያለልን ለሆፕ ያን ያህል ማውጣት አይታየኝም።

እህሉ ላይ ደግሞ ምርጫው ዳጉሳ፣ ገብስና በቆሎ ነው። በቆሎ ይረክሳል፤ ጠላው ግን ቀለሙ ይገረጣል፣ አፍ ላይም ይቀጥናል። ዳጉሳ በመራዊና በዳንግላ በኩል በብዛት ስለሚመረት እዚህ አይጠፋም። ከራሱ ቀይ ስለሆነ ሳይከብደው ይጠቁራል። ገብስ ከደጋ ነው የሚመጣልን፤ ሲቆላ ቡና ቡና የሚል ሽታ የሚሰጠው እሱ ነው። አንዱን ምረጪ ብትሉኝ ዳጉሳ እላለሁ። ከቻላችሁ ግን ሦስት እጅ ዳጉሳ ላይ አንድ እጅ የገብስ አሻሮ፣ ማለትም የተቆላ ገብስ፣ ጨምሩ።

እንኩሮውን፣ ማለትም በውሃ ርሶ ምጣድ ላይ የሚታመሰውን የእህል ዱቄት፣ ስታምሱ ከምጣዱ አትራቁ። ዱቄቱ መጀመሪያ የእርጥብ አፈር መልክ አለው። ከዚያ ይንኮበኮባል፣ ይቀላል፣ የዳቦ ቅርፊት ይሸታል። የሚቆላ ቡና ሽታ ሲመጣ አውርዱት። ጭሱ ዓይን መቆንጠጥ ከጀመረ አልፏል።

ብቅል ላይ አትሰስቱ። የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጠው ብቅሉ ነው፤ የተቆላ እህል ይህ ኃይል የለውም። እህሉን ባጠቆራችሁ ቁጥር ብቅል ጨመር አድርጉ፤ ብቅሉን ግን ፈጽሞ አትቁሉት፣ ፀሐይ ይበቃዋል። ቤት ማብቀል ይረክሳል፤ ገብሱን አንድ ቀን መዘፍዘፍ፣ ሦስት አራት ቀን ሸፍኖ ማቆየት፣ ማድረቅ ነው። ጊዜ ከሌላችሁ ያልተፈጨ ብቅል ግዙና ስታኝኩት መጣፈጡን እዩ። ለ25 ሊትር እኔ 4 ኪሎ እህል፣ 1 ኪሎ ተኩል ብቅልና 700 ግራም ያህል ጌሾ እይዛለሁ።

ዕቃውን በተመለከተ፣ ፕላስቲክ በርሜል ቀላል ነው፣ አይሰበርም፣ ለማጠብም ይመቻል። ከገዛችሁ ለምግብ የተሠራ አዲስ ይሁን፤ ኬሚካል የነበረበትን በርሜል በምንም ዋጋ አትንኩ። ክዳኑንም ጥርቅም አድርጋችሁ አትዝጉት፤ ጋዙ መውጫ ካጣ ይፈነዳል። ትልቁ ጉድለቱ ጭስ አለመያዙ ነው። ጋን በግራዋ ታጥቦ በወይራ ሲታጠን ጭሱን ይጠጣዋል፤ ለጥቁር ጠላ ያ ሽታ ግማሽ ጣዕሙ ነው። ሌላም ጥቅም አለው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም ከመጋቢት እስከ ግንቦት ቀኑ ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል፤ ጠላም ቶሎ ይኮመጥጣል። ጋን በላቡ ራሱን ያቀዘቅዛል፣ ፕላስቲክ ግን ሙቀቱን ይዞ ይቀመጣል። እኔ ጋን ነው የምለው። ቤታችሁ ጠባብ ከሆነ ወይም ቶሎ ቶሎ ቤት የምትቀይሩ ከሆነ ብቻ በርሜሉን ውሰዱ።

ጋን ስትገዙ ከሥሩ እስከ አፉ በጣት አጥንታችሁ መታ መታ አድርጉት። ደህናው እንደ ደወል ይጮኻል። የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል፤ ስንጥቁ ለዓይን ባይታይም ሻጩን ሌላ አውርድልኝ በሉት።