«ባዶው ጠርሙስ የት አለ?» የ3 ወር ምርምሬ በጀርመን

ከጀርመን ከተመለስኩ 2 ወር ሆነኝ። እዚህ ኮዬ ፈጬ ደረጃ ላይ የሚያገኙኝ የሰፈር ልጆችም፣ የዲፓርትመንት ጓደኞቼም አንድ ጥያቄ አላቸው፦ «እንዴት ነበር? ልመዝገብ?» ለሁላችሁም አንድ ላይ ልመልስ።

ፕሮግራሙ የማስተርስ ተማሪን ለ3 ወር ላይፕዚግ ወስዶ ከአንድ አማካሪ ጋር በራሱ ርዕስ ላይ ያሠራል። የእኔ ርዕስ የአቃቂ ወንዝ ነው። ቤታችን የሚገባው ጎመንና ሰላጣ የሚበቅለው ወንዙ ዳር ነው። ውሃው ደግሞ የከተማውን ቆሻሻና የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ይዞ ይወርዳል። ቆዳ በአብዛኛው የሚለፋው ክሮሚየም በሚባል ብረት ነው። ውሃ ውስጥ በሁለት መልክ ይገኛል። «ክሮሚየም ሦስት» የሚባለው ጉዳቱ አነስተኛ ነው፤ «ክሮሚየም ስድስት» የሚባለው ግን መርዝ ነው። ጎመኑን የሚያጠጣው ውሃ ውስጥ ያለው የቱ እንደሆነ ማወቅ ፈለግኩ።

24 ጠርሙስ ውሃ ቀድቼ፣ አሲድ ጨምሬበት ቀድሜ ላክሁ። ላብራቶሪ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት አማካሪዬ ጠርሙሶቹን አየቻቸውና «ባዶው የት አለ?» አለችኝ። ንጹሕ ውሃ የያዘ ጠርሙስ ወንዙ ድረስ ወስዶ፣ ከፍቶ፣ ዘግቶ፣ ከሌሎቹ ጋር መመለስ ማለቷ ነው። እሱ ውስጥ ክሮሚየም ከተገኘ የመጣው ከወንዙ ሳይሆን ከእጄ ወይም ከክዳኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የክሮሚየም ወሰን በሊትር 50 ማይክሮግራም ነው። ይህን ያህል ጥቂት ነገር ሲለካ የቆሸሸ ክዳንም ይቆጠራል። እኔ ባዶ ጠርሙስ አልነበረኝም።

ቀጥላ «አሲዱን ለምን ጨመርሽ?» አለች። ለጠቅላላው ክሮሚየም ልክ ነው። ክሮሚየም ስድስትን ለብቻው ለመለካት ግን አይሆንም፤ በቆሻሻ ውሃ ውስጥ አሲድ ሲገባ ክሮሚየም ስድስት ወደ ክሮሚየም ሦስት ይለወጣል። የምፈልገውን ነገር በገዛ እጄ አጥፍቼው ነበር። ያን ማታ እማዬ ጋ ደውዬ አለቀስኩ።

ለዚህች ሴት ግን ክብሬ ትልቅ ነው። በስሜ ጥሪኝ ብትለኝም አንድም ቀን አልቻልኩም፤ «ዶክተር» እንዳልኳት ተለያየን። በየማክሰኞው ለ1 ሰዓት አብራኝ ትቀመጣለች። ስልኳን አትነካም። «ከዚህ ናሙና ምን ማለት እንችላለን? ምን ማለት አንችልም?» ብላ ሁለቱንም ታጽፈኛለች። አንድ ቀን የመለኪያው ማሽን ከፍ ያለ ክሮሚየም አሳየኝና ደስ ብሎኝ ሮጥኩላት። «በምን አወቅሽ?» አለችኝ። ለካ ማሽኑ የሚለየው በክብደት ነው፤ ውስጡ ያለው አርጎን የሚባል ጋዝ ከውሃው ካርቦን ጋር ሲጣበቅ ክብደቱ 52 ይሆናል፤ የክሮሚየምም 52 ነው። ሁለቱን ለመለየት ሂሊየም ጋዝ እያሳለፍን ደግመን ስንለካ ቁጥሩ ወረደ። ይህን ማሽን ከዚያ በፊት የማውቀው በስላይድ ላይ ብቻ ነበር። አጠገቤ ቆማ ባትጠይቀኝ ያንን ቁጥር ቴሲሴ ላይ እጽፈው ነበር።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። የወር ገንዘቡ የገባልኝ በ6ኛው ሳምንት ነው። ቢሮው ለኢሜይሌ መልስ አልሰጠም። የቤት ኪራይ የከፈልኩት እዚያ ካገኘኋት አንዲት ሐበሻ እህት ተበድሬ ነው፤ እግዜር ይስጣት። ቤተሰቡ ዩሮ የማይልክለት ልጅ ምን እንዲሆን ነው? ይህ በጣም አስቆጥቶኛል። ደግሞ ለደኅንነት ሥልጠናና ለቁልፍ 2 ሳምንት ሙሉ ጠበቅኩ። 3 ወር ሲባል 3 ወር እንዳይመስላችሁ።

ሂዱ እላለሁ። ግን ከመፈረማችሁ በፊት አማካሪው በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚሰጣችሁ፣ የመጀመሪያው ገንዘብ በየትኛው ቀን እንደሚገባ በጽሑፍ ጠይቁ። ርዕሱንም ከቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። የእነሱን ርዕስ ይዘው የሠሩ ልጆች ሲመለሱ የሚቀጥሉት ሥራ አጡ።

ባለፈው ቅዳሜ ወንዙ ዳር ወረድኩ። ጎመን የሚያለሙት አባት አዩኝና «ልጄ፣ ውጤቱ ምን አለ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ገና አላወቅኩም። ውሃውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉ። «እንግዲያው አሁን በደንብ ቅጂ» ብለው የበረዶ ሳጥኔን ተሸክመው ቀድመውኝ ወረዱ። አሲድ አልያዝኩም። መጀመሪያ የከፈትኩት ባዶውን ጠርሙስ ነው።