ሐይቅ እስጢፋኖስ ወይስ የጣና ገዳማት? ከደሴና ከኮምቦልቻ ለሚነሡ ተጓዦች የቀረበ ንጽጽር

ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በውኃ መካከል ወይም ዳር ያለ ጥንታዊ ገዳም ለመሳለም፣ በዚያውም ወፎችንና የዱር እንስሳትን ለማየት ያሰበ ሰው፣ በቅርብ ባለው ሐይቅ እስጢፋኖስና ራቅ ባሉት የጣና ገዳማት መካከል ከመምረጡ በፊት አብረውት የሚጓዙት እነማን እንደሆኑ ማሰብ ይኖርበታል። ሐይቅ እስጢፋኖስ ሴቶች የማይገቡበት የወንዶች ገዳም ነው። ይህን ሳያውቁ መጥተው እናታቸውን ከውጭ ለማስቀረት የተገደዱ ቤተሰቦችን አይቼ አዝኛለሁ።

በቅርበትና በወጪ ሐይቅን የሚስተካከለው የለም። ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚርቅ ጠዋት ሄዶ ከሰዓት በኋላ መመለስ ይቻላል። ገዳሙ ቀድሞ በደሴት ላይ የነበረ ቢሆንም ውኃው በመሸሹ ከየብስ ጋር ተያይዟል፤ ስለዚህ የጀልባ ኪራይ ግዴታ አይደለም። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት የትምህርትና የምንኩስና ማዕከል ያደረጉት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ሥፍራ ይህ ነው። በአባ ኢየሱስ ሞዓ ስም የሚጠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1280 ገደማ የተጻፈው የብራና ወንጌል የዚሁ ገዳም ሀብት ነው። ለጽሑፍና ለሊቃውንት ታሪክ ፍቅር ላለው ሰው፣ በእኔ ግምት፣ ከጣና በፊት ሐይቅ ሊቀድም ይገባዋል።

ጣና ግን በስፋቱና በብዝኃ ሕይወቱ ይበልጣል። ሐይቅ እስጢፋኖስ ያለበት ውኃ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ኖሮት ጥልቀቱ እስከ 88 ሜትር ሲደርስ፣ ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተንጣልሎ ጥልቀቱ ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ፣ በውኃው ላይ ደግሞ ይብራ የተባለው ትልቅ የውኃ ወፍና የደንገል ታንኳ ይታያሉ። ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ መዝግቦታል፤ እምቦጭ አረም ግን ዛሬም ያሰጋዋል።

በዘጌ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረትና እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ ሴቶችን ይቀበላሉ። የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል አፅም ያረፈበት ዳጋ እስጢፋኖስ ግን እንደ ክብራን ገብርኤል ሁሉ ለወንዶች ብቻ ክፍት ነው።

የጣና ወጪ በጥንቃቄ ሊሰላ ይገባል። ከደሴ በወልዲያና በወረታ አድርጎ ባሕር ዳር መድረስ ብቻውን አንድ ቀን ሙሉ ይፈጃል፤ የመንገዱንም ሁኔታ ከመነሣት በፊት ከሹፌሮች መጠየቅ ያስፈልጋል። የጀልባው ዋጋ በሰው ይሁን በጀልባ፣ ባለጀልባው ቆሞ የሚጠብቅበት ሰዓትም ይካተት እንደሆነ ሳይሳፈሩ በፊት መስማማት ይገባል፤ የየገዳሙ መግቢያ ለብቻው ይከፈላልና። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ማዕበል ስለሚያስነሣ ጉዞው በጠዋት ቢሆን ይመረጣል።

ያለው ጊዜ አንድ ቀን ብቻ ሆኖ እናቶች አብረው ካሉ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስን መርጦ፣ አስቀድሞም ነግሯቸው፣ ወንዶቹ በየተራ ገዳሙን እስኪሳለሙ የቀሩት በሐይቁ ዳር ቆሮሶ የተባለውን ዓሣ እያስጠበሱ፣ ወፎቹንም እያዩ እንዲቆዩ ማድረግ ይቻላል።