4 ኪሎ ያሠራሁት ክላስተር አናሊሲስ

ባለፈው ወር 4 ኪሎ አካባቢ ዳታ ተንትኖ የሚሰጥ ቤት ገብቼ የአፈር ናሙናዎቼን ክላስተር አናሊሲስ (የሚመሳሰሉትን በቡድን በቡድን የመለየት ትንተና) አሠራሁ። የቤቱን ስም አልጠቅስም። ቴሲስ ይዛችሁ እዚያ ለምትሄዱ ግን ይጠቅማችኋል።

ጥሩውን ላስቀድም። ፈጣኖች ናቸው፣ ትሁቶች ናቸው፤ ጠዋት ሰጥቻቸው ከሰዓት አደረሱልኝ። ሥዕሉም ያምራል። አድቫይዘሬ ግን ገና እንዳዩት «ይሄ እኮ ከፍታ ብቻ ነው» አሉኝ።

አፈሩን የሰበሰብኩት ከእንጦጦ ተዳፋት ነው፣ ከ2600 እስከ 3000 ሜትር። ከከፍታው ሌላ ፒኤች (የአሲድነት ልክ)፣ የሸክላ መጠንና ካርቦን ለክቻለሁ። ችግሩ ምን መሰላችሁ? የተጠቀሙበት ኬ-ሚንስ የሚባል የመቧደኛ ዘዴ የሚያየው በናሙናዎቹ መካከል ያለውን ርቀት ነው። ከፍታው በ400 ሜትር ሲለያይ ፒኤቹ ቢበዛ በ2 ነው የሚለያየው፤ ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ሚዛን ሳታደርጉ እንዲሁ ከከተታችሁት ከፍታው ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። የሠራልኝ ልጅ ይህን አላደረገም። የቡድኑን ቁጥር 4 ያለውም ራሱ ነው። ለምን ስለው «4 ብዙ ጊዜ ጥሩ ይመጣል» አለኝ። በጣም ነው ያዘንኩት፣ ምክንያቱም ይሄ ዘዴ 4 ካላችሁት 4፣ 7 ካላችሁት 7 ቡድን ያወጣል፤ ቡድኖቹ እውነት መሬት ላይ ይኑሩ አይኑሩ ግን አይነግራችሁም።

ካላመናችሁኝ አር የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር ጫኑና አብሮት የሚመጣውን የአይሪስ አበባ ዳታ ሞክሩ። የስታቲስቲክስ ሊቁ ፊሸር በ1936 እ.ኤ.አ. የተጠቀመበት ነው፤ 150 አበባ፣ 3 ዝርያ፣ ከእያንዳንዱ 50። ሴቶሳ የሚባለው ዝርያ ጥርት ብሎ ለብቻው ይወጣል። የቀሩት ሁለቱ ይደባለቃሉ። ቡድኖቹ ምን ያህል ጥርት ብለው እንደተለያዩ የሚያሳየው ሲሉዌት የሚባለው መለኪያ እንዲያውም 2 ቡድን ይሻላል ይላል። 3 መሆናቸውን የሚያውቀው አበባውን የሚያውቅ ሰው ነው።

ለእኔ ያ ቤት ለትየባና ለፕሪንት ይሆናል፤ ለትንተና ግን ብራችሁን አታውጡ። ከሄዳችሁም ሚዛኑን አስተካክለው እንደሆነና የቡድኑን ቁጥር በምን እንደመረጡ ሳትጠይቁ እንዳትከፍሉ።

እኔ ሁለት ማታ ቁጭ ብዬ ራሴ ደገምኩት። ዳታውን በአንድ ሚዛን አደረግኩ፣ የሚቀራረቡትን ደረጃ በደረጃ በሚያጣምረው የዋርድ ዘዴ ዴንድሮግራም (የቡድኖቹን የዛፍ ቅርንጫፍ መሰል ሥዕል) አወጣሁ፣ ሲሉዌቱን አየሁ። 3 ቡድን መጣ። አንደኛውን ከመስክ ማስታወሻዬ ጋር ሳስተያየው ከሞላ ጎደል ሁሉም ከባሕር ዛፍ ሥር ያነሳኋቸው ናሙናዎች ናቸው፤ የከፈልኩበት ውጤት ላይ እነዚህ ከላይና ከታች ተብለው ለሁለት ተበትነው ነበር።