ሬድካፕ በካንሰር ምርምር ጽሕፈት ቤት፦ ከአስተዳደር ሠራተኛ ወንበር የታየ ግምገማ

በአንድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ክፍል በጸሐፊነት ተቀጥሬ፣ በኋላም ወደ ካንሰር ምርምር ፕሮጀክት ተዛውሬ፣ ዛሬ በምርምር አስተባባሪነት እሠራለሁ። በእነዚህ ዓመታት ከደብዳቤ፣ ከግዥ ጥያቄና ከአበል ሒሳብ አውጥቶ የምርምሩ አካል ያደረገኝ ሬድካፕ የተባለው የምርምር መረጃ መሰብሰቢያ ሥርዓት ነው። ስለ ሬድካፕ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ለተመራማሪው ነው፤ ይህ ግምገማ ግን ከተመራማሪው ጀርባ ካርዱን፣ ቀጠሮውንና ስልኩን ለያዘው ሠራተኛ የተጻፈ ነው።

ሬድካፕ በ2004 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት በሚገኘው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ፣ በፖል ሃሪስ መሪነት የተሠራ ነው። ለትርፍ ያልተቋቋመ ተቋም የአጠቃቀም ስምምነቱን ከፈረመ ያለ ክፍያ ያገኘዋል። ይህ ማለት ግን ወጪ የለበትም ማለት አይደለም፤ ተቋሙ መረጃው የሚቀመጥበት የራሱ ማዕከላዊ ኮምፒውተር (ሰርቨር)፣ ሰርቨሩን የሚጠብቅ የኮምፒውተር ባለሙያና ተጠቃሚዎችን የሚያስተዳድር ኃላፊ ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ አንድ ሠራተኛ በግሉ ላፕቶፕ ላይ ጭኖ የሚጀምረው ነገር አይደለም፤ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲው ተመዝግቦ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከሬድካፕ በፊት የታካሚዎቻችን መረጃ በኤክሴል ሠንጠረዥ ላይ ነበር። ሠንጠረዡ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ከሳምንት በኋላ አንድ ቁጥር ተለውጦ ሲገኝ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደለወጠው የሚያውቅ የለም፤ ጥርጣሬውም ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በጸሐፊዋ ወይም በመረጃ አስገቢው ላይ ነው። ሬድካፕ እያንዳንዱን መግባት፣ መለወጥና ማውጣት ከተጠቃሚው ስም፣ ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር ይመዘግባል። የመጀመሪያው ኦዲት ሲመጣ አንድ የዕጢ መጠን ከ2 ወደ 3 ሴንቲሜትር ለምን እንደተለወጠ ተጠየቅሁ፤ መዝገቡን ከፍቼ ለውጡ የተደረገው የተሻሻለው የፓቶሎጂ (የዕጢ ናሙና ምርመራ) ውጤት በደረሰ በማግስቱ እንደሆነ አሳየሁ። ለበላይ አካል ‘አላስታውስም’ ከማለት ወጥቶ በማስረጃ መናገር ለአስተዳደር ሠራተኛ ምን ያህል ክብር እንደሆነ በቦታው የነበረ ያውቀዋል። በዚያ ላይ ማን ምን እንደሚያይ በዝርዝር መወሰን ይቻላል፤ መረጃ አስገቢው ቅጹን ይሞላል እንጂ መረጃውን ከሥርዓቱ አያወጣም፣ የስታቲስቲክስ ባለሙያው ያወጣል ነገር ግን የታካሚዋን ስምና ስልክ አያይም።

ዋነኛው ድክመቱ የዘመን አቆጣጠራችንን አለማወቁ ነው፤ በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በካንሰር ምርምር ከቀን የሚበልጥ መረጃ ጥቂት ነው። በሽታው የታወቀበት ቀን፣ ኬሞቴራፒ የተጀመረበት ቀንና ታካሚዋ ለመጨረሻ ጊዜ የታየችበት ቀን፣ ከምርመራ በኋላ ምን ያህል እንደኖረች የሚሰላው ከእነዚህ ነው። የሬድካፕ የቀን ሣጥን የሚቀበለው የጎርጎርዮሳዊውን አቆጣጠር ብቻ ነው፤ ከካርድ ክፍል የሚመጣው ካርድ ግን አንዱ ገጽ በእኛ፣ ሌላው፣ በተለይም የላቦራቶሪው ውጤት፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። ሚያዝያ 12 ቀን 2012 ዓ.ም. የሚለውን መረጃ አስገቢው 12-08-2012 ብሎ ቢያስገባው ሥርዓቱ ያለ ማስጠንቀቂያ ይቀበለውና ኦገስት 12 ቀን 2012 ያደርገዋል፤ ትክክለኛው ቀን ግን ኤፕሪል 20 ቀን 2020 ነው። ያ የምርመራዋ ቀን ከሆነ ታካሚዋ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ያህል ያልኖረችውን ዕድሜ ከበሽታው ጋር እንደኖረች ተቆጥሮላት ይቀራል። ሥርዓቱ በራሱ ስሕተት ብሎ የሚይዘው ጥቅምት 30ንና የጳጉሜን ቀኖች ነው፤ 30-02 የሚባል ቀንም 13ኛ ወርም በእርሱ ዘንድ ስለሌሉ ነው። ሌላው ሁሉ ማለት ይቻላል ያልፋል።

በእኛ ፕሮጀክት ይህ ስሕተት የተገኘው፣ ከምርመራዋ ከብዙ ዓመት በፊት ኬሞቴራፒ የጀመረች የምትመስል አንዲት ታካሚ በሪፖርት ላይ ስትወጣ ነበር። ጥፋቱ የራሳችን ነበር፤ ቅጹን ስናዘጋጅ ስለ ካርዱ አቆጣጠር ያሰበ ሰው አልነበረም። ካርዶቹን ከካርድ ክፍል እንደገና አስወጥተን አንድ በአንድ አመሳከርን። ከዚያ በኋላ በቅጹ ላይ ካርዱ እንደሚለው የሚሞሉ ሦስት ሣጥኖችን ጨመርን፤ ለቀኑ፣ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን በስም ተዘርዝሮ ለሚመረጠው ወርና ለዓመቱ። ከሥራቸው የተቀየረው የፈረንጅ ቀን ይገባል፤ የመጀመሪያው ጽሑፍ ስለማይጠፋ ማንም ሰው መልሶ ማመሳከር ይችላል። ሕክምናው ምርመራውን የቀደመበትን መዝገብ ሁሉ ለይቶ የሚያወጣ የጥራት መቆጣጠሪያ ደንብም በሥርዓቱ ላይ ጻፍን። ይህን የሠራው ከውጭ የመጣ ባለሙያ አይደለም፤ ካርዱን በየቀኑ የሚያገላብጡ የጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ናቸው። ከፕሮግራም ጽሑፍ ይልቅ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሥራ በመሆኑ ለእኛ ዓይነቱ ሰው በሩ ክፍት ነው።

ሌሎቹን ጉድለቶች በአጭሩ ላንሣ። ስሞች በግዕዝ ፊደል ያለ ችግር ይገባሉ፤ ነገር ግን ‘ጸሐይ’ እና ‘ፀሐይ’ ለሥርዓቱ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ ታካሚን በስም ብቻ ሳይሆን በካርድ ቁጥር መለየት ግድ ነው። በድረ ገጹ ላይ የተሞላ ቅጽ ‘አስቀምጥ’ እስካልተባለ ድረስ አይቀመጥም፤ መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ረጅም ቅጽ ወደ አጫጭር ክፍሎች ከፍሎ ማዘጋጀት ይሻላል። ከመስመር ውጭ ለሚሞላ ደግሞ በታብሌት የሚሠራ መተግበሪያ አለው፤ ኢንተርኔት ሲገኝ መረጃውን ወደ ሰርቨሩ ይልካል። የተጠቀምሁበት ጥቂት ስለሆነ ብዙ አልልም።

የሙያ ዕድገትን በሚመለከት በግልጽ የምናገረው አለ። የምርምር ፕሮጀክት ቅጥር ኮንትራት ነው፤ የገንዘብ ድጋፉ ሲያልቅ ሥራውም ያልቃል። ደብዳቤ የመጻፍና ሰነድ የማደራጀት ችሎታ በየቢሮው ልማድ ይለያያል፤ ሬድካፕ ግን በብዙ አገር ዩኒቨርሲቲዎች በሥራ ላይ ስላለ የተማረው ሰው ዕውቀቱን ይዞ ወደሚቀጥለው ፕሮጀክት ይሻገራል። ለጀማሪ የምመክረው ውብ ቅጽ በመሥራት ሳይሆን የተጠቃሚ ፈቃድ አሰጣጥንና የለውጥ መዝገብ አነባበብን በመማር እንዲጀምር ነው። ቅጹ ወደ መደበኛ ሥራ ከተዛወረ በኋላ የሚደረግ ለውጥ በረቂቅ ተዘጋጅቶ የሥርዓቱን ኃላፊ ይሁንታ ሊጠይቅ ይችላል፤ አዲስ ጥያቄ ለታካሚዎች የሚቀርብ ከሆነ ደግሞ የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴው አስቀድሞ ሊያጸድቀው ይገባል። እነዚህን ሁለት ፈቃዶች አያይዞ በጊዜው የሚያስጨርስ የአስተዳደር ሠራተኛ በማንኛውም የምርምር ቡድን ተፈላጊ ነው።

ሥራው ምርምር ሳይሆን የካንሰር ምዝገባ፣ ማለትም በአንድ አካባቢ የሚገኙ የካንሰር ታካሚዎችን ሁሉ መመዝገብ፣ ለሆነ ሰው ግን ይህ መሣሪያ የመጀመሪያ ምርጫው ሊሆን አይገባም። በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ የሚሠራበትና ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም በነጻ የሚያቀርበው ካንሬግ የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ የበሽታ ኮዶችን ለማጣራትና ተደጋጋሚ ስሞችን ለመለየት ተብሎ የተሠራ ነው።

እኔ አሁን ሬድካፕን ከሁሉ ይልቅ የምጠቀምበት ለክትትል ነው። ዘወትር ሰኞ ጠዋት በቀን መቁጠሪያው ላይ የክትትል ጊዜያቸው የደረሰ ታካሚዎች ዝርዝር ይወጣል፤ ብዙዎቹ ከሩቅ ክፍለ ሀገር መጥተው የተመለሱ ስለሆኑ በተመዘገበው የዘመድ ስልክ እደውላለሁ። አንድ ቀን የአንዲት የጡት ካንሰር ታካሚ ወንድም ስልኩን አነሣ። እርሷን እንዲያገናኘኝ ስጠይቀው ጥቂት ዝም ብሎ “ለኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ነው ያረፈችው” አለኝ። “እግዜር ያጽናችሁ፣ ነፍስ ይማር” አልሁና ዓመቱ 2013 መሆኑን አረጋግጬ ስልኩን ዘጋሁ። በሣጥኖቹ ውስጥ 11፣ ኅዳር፣ 2013፤ ከሥራቸው 20-11-2020 ጻፍሁ። በማስታወሻው ቦታ ላይ ደግሞ ወንድሟ የተናገረውን በራሱ ቃል፣ በአማርኛ አሰፈርሁት።