ሊንክድኢን ፕሪሚየም ወይስ የራስ ሰርቨር፦ ዶላራችሁን የቱ ላይ ታውላላችሁ?

«ፕሪሚየም ልግባ ወይስ ሰርቨር ላሳድግ?» በዚህ ወር ብቻ አራት ሰው ጠየቀኝ። ፕሪሚየም የሊንክድኢን (የሥራና የንግድ ሰዎች መገናኛ ድረ ገጽ) የሚከፈልበት አገልግሎት ነው፤ ሰርቨር ደግሞ የኢንተርኔት ሱቃችሁ የሚቀመጥበት የኪራይ ኮምፒውተር። ሁሉም ኢንተርኔት ላይ የሚሸጡ ናቸው፤ አንዱ ቡና፣ አንዷ የቆዳ ቦርሳ። እኔ የሐበሻ ልብስ ወደ አሜሪካና አውሮፓ እሸጣለሁ። ለሁለቱም ከፍያለሁ፣ በሁለቱም ተሸውጃለሁ። አንዴ ልጻፈውና ልረፍ።

መልሴ ሰርቨር ነው። ሊንክድኢን በነጻው ይበቃችኋል።

የፕሪሚየም ዝቅተኛው፣ ካሪየር የሚሉት፣ በአሜሪካ ዋጋ በወር 30 ዶላር አካባቢ ነው። ቢዝነስ የሚሉት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሩ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት 30 ዶላር በባንክ ምንዛሪ 1,700 ብር ገደማ ነበር። አሁን ዶላሩን በ150 ብር ብታሰሉት 4,500 ብር፣ ያውም በየወሩ። በካሪየር ለማታውቁት ሰው የምትልኩት ኢንሜይል (እዚያው ሊንክድኢን ውስጥ የሚደርስ መልእክት) በወር 5 ነው። አንዷ መልእክት 900 ብር! ሰውየው በ90 ቀን ውስጥ ከመለሰላችሁ የመላኪያ ድርሻችሁ ይመለሳል፣ ዝም ካለ ግን ቀለጠ። ሌላው ፕሮፋይላችሁን ማን እንዳየ የሚያሳየው ዝርዝር ነው። እሱ ደግሞ ሱስ ነው። በቀን ስድስት ጊዜ እከፍተው ነበር፤ ያዩኝም አብዛኞቹ እንደኔው ገዢ ፍለጋ የሚዞሩ ሻጮች ናቸው።

ወደ ሰርቨሩ ስንመጣ፣ ሰርቨር የሚያከራየው ዲጂታልኦሽን ላይ አንድ ጊጋ ራም (የሥራ ማህደረ ትውስታ) ያለው በወር 6 ዶላር ነው። ሳምንታዊ ባክአፕ (የሱቁ መጠባበቂያ ቅጂ) 20 በመቶ ይጨምርበታል፣ 1 ዶላር ከ20 ሳንቲም መሆኑ ነው፤ እባካችሁ እሷን አትቆጥቡ። ዶት ኮም ዶሜይን (የሱቃችሁ የኢንተርኔት አድራሻ) በዓመት ከ10 እስከ 15 ዶላር። ሁሉም ተደምሮ በዓመት 100 ዶላር አካባቢ። በካሪየር የአንድ ዓመት ክፍያ ሱቃችሁ ከሦስት ዓመት በላይ ይቆማል።

እኔ የጀመርኩት በርካሹ ሼርድ ሆስቲንግ፣ ማለትም አንዱን ሰርቨር ከብዙ ሰው ጋር በመጋራት ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ዋጋ ያጓጓል፣ በእድሳት ጊዜ ሦስት እጥፍ ሆኖ መጣ። ይባስ ብሎ ለገና የሚያዝዘው ሰው ሲጎርፍ ገጹ 508 የሚል ቁጥር ደቅኖ ቆመ፤ የተመደበልህ አቅም ሞላ እንደማለት ነው። አሜሪካ ቀን ሲሆን እዚህ ሌሊት ነውና ያየሁት ጠዋት ስነቃ ነው። ያን ሌሊት ስንት ቀሚስ እንዳመለጠኝ ባላስበው ይሻላል።

ግን ትልቅ ሰርቨር ከመግዛታችሁ በፊት ፎቶዎቻችሁን እዩ። የእኔዎቹ ከስልክ እንደወጡ የተጫኑ፣ እያንዳንዳቸው 5 ሜጋ ነበሩ። ዌብፒ ወደሚባለው ቀላል የፎቶ ዓይነት ቀይሬ አሳነስኳቸው፣ ከሰርቨሩ ፊት ደግሞ ገጹን ቅጂ ይዞ ለጎብኚ የሚያደርሰውን የክላውድፍሌርን ነጻ አገልግሎት አደረግሁ። የ6 ዶላሩ ሰርቨር ቀጣዩን ፋሲካ ያለችግር ተሻገረ። በዓል ሲደርስ ራሙን ከፍ አድርጋችሁ ሲያልፍ መመለስም ይቻላል፤ ዲስኩን ብቻ አትንኩ፣ እሱ አንዴ ካደገ አይቀንስም።

ከሁሉ የጎዳኝ ግን ቴሌግራም ላይ በርካሽ የሚሸጠው ሕጋዊ ያልሆነ ነገር ነው። «የዓመት ፕሪሚየም በ2,000 ብር» የሚል ልጅ ፓስወርዴን ጠየቀኝ፣ እኔም ሰጠሁት (አትሳቁብኝ)። በሦስተኛው ሳምንት ፕሪሚየሙ ጠፋ፣ ልጁ ብሎክ አደረገኝ፣ በስሜም ለማላውቃቸው ሰዎች የክሪፕቶ ማስታወቂያ ሲላክ ነበር። ከዚያ ትምህርት አልወሰድኩም። ኦሪጅናሉ 60 ዶላር የሚጠጋ የዎርድፕረስ (ድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም) ቴም፣ ማለትም የገጽ ንድፍ፣ በ500 ብር ገዛሁ፤ ውስጡ የተደበቀ ኮድ ደንበኞቼን ወደ ቁማር ገጽ ይወስድ ነበር። ለማስጸዳት 15,000 ብር ወጣ።

ፕሪሚየም ለማን ይሆናል? ለድርጅት ሶፍትዌር ለሚሸጥ፣ ወይም የውጭ ሥራ ለሚፈልግ። እሱም ቢሆን የአንድ ወሩን ነጻ ሙከራ ይውሰድና ማብቂያው ሳይደርስ ይሰርዝ። እኔ ቨርጂኒያ ባለችው የአክስቴ ልጅ ካርድ ገብቼ መሰረዙን ረሳሁት፤ 30 ዶላሩ የተቆረጠው ከእሷ ነው። እስካሁን ታነሳብኛለች።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ሱቅ ያላትን ትልቋን ደንበኛዬን ያገኘሁት በነጻው ነው። የግንኙነት ጥያቄ ላክሁላት፣ አጭር ማስታወሻ ጨመርኩበት (ነጻው በወር ለጥቂት ሰው ብቻ ይፈቅዳል)። ከተቀበለችኝ በኋላ ያለ ኢንሜይል ተጻጻፍን። ያሳመናት ፕሮፋይሌ አይደለም፤ ሊንኩን ስትጫን ሱቁ ቶሎ ተከፈተላት፣ ዋጋውንም በዶላር አየችው።

ለቡና ሻጩ ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ትናንት ነገርኩት። ዶሜይኑ በማን ስም እንደተመዘገበ ስጠይቀው «ዌብሳይቱን የሠራልኝ ልጅ ያውቃል» አለኝ። ልጁ የት ነው? «ካናዳ ሄዷል።»