ግማሽ የፈረስ ጉልበት ያለው የውሃ ፓምፕ በአራት ኪሎ ቤታችን፦ ክረምትና በጋ ካለፈበት በኋላ

የምገመግመው ዕቃ በሰሌዳው ላይ 0.37 ኪሎዋት የተጻፈበት፣ በ220 ቮልት የሚሠራ፣ ቧንቧ ሲከፈት ራሱ የሚነሣና ሲዘጋ ራሱ የሚቆም አነስተኛ የውሃ ፓምፕ ነው። የተተከለው አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ ባለ አንድ ፎቅ አሮጌ ቤት ግቢ ውስጥ ሲሆን፣ ውሃ የሚስበው በቀጥታ ከቆጣሪው መስመር ሳይሆን መሬት ላይ ከተቀመጠ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ነው።

አዲስ አበባ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው እንጦጦ ተነሥታ ወደ አቃቂ እያዘቀዘቀች የምትወርድ ከተማ በመሆኗ፣ በአንድ መስመር ላይ ካሉ ቤቶች ታች ያለው ውሃ በጉልበት ሲያገኝ ላይ ያለው በቀጭኑ ይደርሰዋል። በእኛ ቤት ምድር ቤቱ እየቀዳ ፎቁ ይደርቅ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው፤ ውሃን አሥር ሜትር ወደ ላይ ለማውጣት አንድ ባር ያህል ግፊት ስለሚያስፈልግ፣ ቆጣሪው ጋ የቀረው ግፊት 0.3 ባር ብቻ ከሆነ ሦስት ሜትር ከፍ ያለ መታጠቢያ ቤት ምንም አያገኝም። ሆኖም ፓምፕ ከመግዛት በፊት ከቆጣሪው አጠገብ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ ማየትና፣ እዚያው ምድር ላይ ቤት ውስጥ ካለው ቧንቧ ጋር በተመሳሳይ ሰዓት ማነጻጸር ይገባል። ቆጣሪው ጋ በርትቶ ቤት ውስጥ የሚደክም ውሃ በአብዛኛው ውስጡ በዝገት የጠበበ የብረት ቧንቧ ምልክት ነው፤ መፍትሔውም ቧንቧውን መለወጥ እንጂ ፓምፕ አይደለም።

ብዙ ሰው የሚመርጠው ሮቶውን ጣሪያ ላይ ማውጣት ነው። ውሃ በፈረቃ ለሚያገኝ ቤት ይህ ጥሩ መጠባበቂያ ቢሆንም፣ ግፊትን በተመለከተ ከሚታሰበው በታች ነው፤ ጣሪያ ላይ ያለው ውሃ ከፎቁ ሻወር የሚበልጠው በሁለት ወይም በሦስት ሜትር ስለሆነ የሚሰጠው ከ0.2 እስከ 0.3 ባር ብቻ ነው፤ ውሃውን እያሳለፈ የሚያሞቀው ዓይነት የሻወር ማሞቂያ ደግሞ በዚህ ግፊት ብዙ ጊዜ አይነሣም።

የቧንቧ ሠራተኛው በበኩሉ ፓምፑን በቀጥታ ከቆጣሪው በኋላ እንግጠመው ብሎ ነበር፤ ወጪውም ያንስ ነበር። አልተቀበልኩትም። እንዲህ የተገጠመ ፓምፕ ከመስመሩ ውሃ ሲመጥ የጎረቤትን ድርሻ ከመሳቡም በላይ፣ የመስመሩ ግፊት ከአየሩ ግፊት በታች ሲወርድ በተሰነጠቀ ቧንቧ በኩል ከመሬት ውስጥ ያለውን እድፍ ወደ መጠጥ ውሃው ሊያስገባ ይችላል። ስለዚህ መስመሩ ሌሊት በራሱ አቅም ሮቶውን ይሞላል፣ ፓምፑም ቀን ከሮቶው ይስባል።

ወደ አፈጻጸሙ ስመጣ፣ የፎቁ ሻወር ከመጀመሪያው ዕለት ጀምሮ በቂ ግፊት አግኝቷል፣ ማሞቂያውም ሳይቆራረጥ ይሠራል። ነገር ግን ሻጮች የሚጠቅሷቸው «40 ሜትር» (ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋበት ከፍታ) እና «በደቂቃ 40 ሊትር» የሚሉት ቁጥሮች በአንድ ጊዜ የሚገኙ አይደሉም። አንዱ የሚገኘው ሌላው ወደ ዜሮ ሲጠጋ ነው፤ የዚህ ዓይነቱ ፓምፕ ወደ 20 ሜትር ገደማ ሲገፋ የሚሰጠው የፍሰቱን ግማሽ ያህል ነው። አንድ ሻወርና አንድ የወጥ ቤት ቧንቧ አብረው ሲከፈቱ ይበቃል፤ ልብስ ማጠቢያው ሲጨመር ይደክማል።

መመሪያው የማይነግረን አንድ ነገር የከተማችን ከፍታ ነው። እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ፣ «ከ8 ሜትር ጥልቀት ይስባል» የሚለው ጽሑፍ አዲስ አበባ ላይ አይሠራም፤ በንድፈ ሐሳብ እንኳ ከፍተኛው ከ8 ሜትር በታች ነው፣ በተግባር ደግሞ ከዚያም በብዙ ያንሳል። ከመሬት በታች ማጠራቀሚያ የቆፈረ ሰው ይህን አስቀድሞ ያስብበት። ሞተሮች በተለምዶ የሚለኩት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ በመሆኑም፣ በስሱ አየራችን የሚቀዘቅዙት በዝግታ ነው። ለሌባ ሲባል በዝግ የብረት ሣጥን ውስጥ ከመቆለፍ ጎንና ጎኑ ክፍት የሆነ መጠለያ ይሻለዋል።

ከእንከኖቹ ሁሉ ያስቸገረኝ ማንም ቧንቧ ሳይከፍት ሌሊት በየጥቂት ደቂቃው እየተነሣ መቆሙ ነበር። ጥፋቱ የፓምፑ አልነበረም፤ በደካማ ግፊት ዘመን የማይታወቅ የመጸዳጃ ቤቱ የውሃ መልቀቂያ ሣጥን ማንጠብጠብ አዲሱ ግፊት ሲያገኘው ገሃድ ወጥቶ ነው። የውስጥ ላስቲኩ ተቀይሮ፣ 24 ሊትር የሚይዝ የግፊት ታንክ (ውሃን በታመቀ አየር እየገፋ የሚሰጥ) ሲጨመር ቆመ። የግፊት ማብሪያው በተለመደው 1.4 ባር እንዲነሣና በ2.8 ባር እንዲቆም ከተስተካከለ፣ ይህ ታንክ ሞተሩ ሳይነሣ የሚሰጠው 8 ሊትር ያህል ነው። መብራት ሲጠፋ ያለን ውሃም ይኸው ነው፤ ከዚያ በኋላ ወርዶ ከሮቶው መቅዳት ግድ ነው።

ሌላው እንከን ግን የዕቃው የራሱ ነው። በዚህ ዓይነቱ ፓምፕ ውስጥ ውሃውን እየተሽከረከረ በሚገፋው የነሐስ ጎማ (ክብ ጥርሳም ብረት) እና በፓምፑ የውስጥ ግድግዳ መካከል ያለው ክፍተት እጅግ ጠባብ በመሆኑ፣ ለበዓል ቤት ዘግተን ስንመለስ ሞተሩ እያጉረመረመ መዞር አቃተው። ወዲያው ከኮረንቲ ነቅሎ ከኋላ በኩል ዘንጉን በጠመንጃ መፍቻ ማላቀቅ ይበቃል፤ እያጉረመረመ ከተተወ ግን የሞተሩ የሽቦ ጥቅልል ይቃጠላል። በዚያው ጠባብነት ምክንያት ውሃው ከቀናት በኋላ ሲለቀቅ ይዞት የሚመጣው አሸዋ ጎማውን ስለሚበላው፣ በሮቶው መግቢያ ላይ ወንፊት ማድረግና ማጽዳት የግድ ነው። ድምፁ ከሥሩ ላስቲክ ከገባለት በኋላ የሚያማርር አይደለም። የኤሌክትሪክ ፍጆታውም በቀን ግማሽ ሰዓት ቢሠራ ከ0.3 ኪሎዋት ሰዓት ብዙም አይርቅም።

እንደገና የምገዛ ብሆን ዋጋው ቢወደድም በርካታ ጎማዎች በተርታ ያሉትንና ሮቶው ሲደርቅ ራሱን የሚያጠፋውን ዓይነት እመርጣለሁ፤ የእኛው ይህ መከላከያ ስለሌለው ሮቶው ውስጥ የተንሳፋፊ ማብሪያ ለብቻው አስገጥሜያለሁ። ውሃው ጭራሽ ለማይመጣለት ቤት ግን ገንዘቡ አስቀድሞ ለሁለተኛ ሮቶ ቢውል ይሻላል። በአሁኑ ጊዜ በሞተሩና በፓምፑ መካከል ካለው ማኅተም ጠብታ መታየት ጀምሯል፤ መለዋወጫው ርካሽ ስለሆነ ውሃው ወደ ሞተሩ ሳይደርስ ከክረምቱ በፊት አስቀይረዋለሁ።